ውዱ የዲስክ ማጫወቻ ከርካሹ በምን ይለያል? ከሌዘሩ እስከ ስፒከሩ

የዲስክ ማጫወቻ የሚሠሩ ድርጅቶች ከዓመት ዓመት እየቀነሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ኦፖ ዲጂታል አዲስ ማጫወቻ መሥራት ማቆሙን አስታወቀ። በ2019 ሳምሰንግ ለአሜሪካ ገበያ ከዲቪዲ ቀጥሎ ለመጣው ብሉሬይ ለሚባለው ዲስክ አዲስ የማጫወቻ ሞዴል እንደማያወጣ ተናገረ፣ በ2024 መጨረሻ ደግሞ ኤልጂ ምርቱን አቋረጠ። ገበያው ሲጠብ ያገለገሉ ውድ ማጫወቻዎች ይፈለጋሉ፤ ከዚያም የዱሮው ጥያቄ ይመለሳል። በ100 ዶላር የሚሸጠውም በ1,000 ዶላር የሚሸጠውም ያንኑ ዲስክ ካነበቡ፣ የዋጋው ልዩነት የሚገባው የት ነው?

ልዩነቱ ያለው ከንባቡ በኋላ በሚሠራው ሥራ ላይ ነው። ያንን ሥራ ግን ቴሌቪዥኑ ወይም አምፕሊፋየሩም ሊሠራው ይችላል። የትኛውን ሥራ ማን እንደሚሠራ ለይቶ ያላወቀ ሰው ሁለት ዓይነት ኪሳራ ይደርስበታል፦ ወይ ለማይጠቀምበት ክፍል ይከፍላል፣ ወይ አንዱን ሥራ ሁለት መሣሪያ እየደጋገመ ምስሉንና ድምፁን ያበላሽበታል።

ውድ ማጫወቻ ዲስኩን የተሻለ ያነባል?

ንጹሕ ዲስክ ከሆነ፣ የተሻለ አያነብም። በዲስኩ ላይ ያለው መረጃ በጥቃቅን ጉድጓዶች የተጻፈ ቁጥር ነው። የጉድጓዶቹ መስመር ከቀጣዩ መስመር የሚርቀው በሲዲ ላይ 1.6 ማይክሮሜትር ነው፤ ማይክሮሜትር የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ማለት ነው። በዲቪዲ ርቀቱ 0.74፣ በብሉሬይ 0.32 ይሆናል። መስመሩ በጠበበ ቁጥር የሞገድ ርዝመቱ ያጠረ ብርሃን ያስፈልጋል፤ ለዚህ ነው የሲዲ ሌዘር 780 ናኖሜትር፣ የዲቪዲው 650፣ የብሉሬዩ 405 የሆነው።

ጭረትና አቧራ እንደሚኖር አስቀድሞ ስለታሰበ፣ ከመረጃው ጋር የጠፋውን በስሌት መልሶ ማግኛ ተጨማሪ ቁጥሮች አብረው ተጽፈዋል። ይህ ስህተት ማረም ይባላል። በሲዲ ላይ በመስመሩ አቅጣጫ እስከ 2.5 ሚሊሜትር ገደማ የሚደርስ ጉዳት ምንም ሳይጎድል ይታረማል። ዲስክ ሲጸዳ ከመሃል ወደ ጠርዝ ቀጥ አድርጎ መጥረግ የሚመከረውም በዚሁ ምክንያት ነው፦ ዙሪያውን ሲጠረግ የሚፈጠር ጭረት መስመሩን ተከትሎ ይሄድና ከዚያ ልክ ያልፋል፤ በመስመሮቹ ላይ አግድም የሚያልፍ ጭረት ግን ከእያንዳንዱ የሚነካው ትንሽ ነው። ብሉሬይ ላይ መረጃው ያለው ከላዩ 0.1 ሚሊሜትር ብቻ ዝቅ ብሎ ስለሆነ ጠንካራ ሽፋን ተቀብቶለታል። ያ ሽፋን ከተጎዳ ግን ምስሉ ይቆማል ወይም ይዘላል።

እርማቱ ከተሳካ የሚወጣው ቁጥር በሁለቱም ማጫወቻዎች አንድ ነው። የታመቀውን ምስል መፍታትም እንደዚሁ ነው፤ የ4ኬ ብሉሬይ ምስል የሚታመቅበት ኤችኢቪሲ የሚባለው ዘዴ፣ በትክክል ከተሠራ የትኛውም ቺፕ ቢፈታው እስከ መጨረሻው ቢት ድረስ ተመሳሳይ ውጤት ይሰጣል። እስከዚህ ድረስ ገንዘብ የሚያመጣው ለውጥ የለም።

ከዲስኩ የሚወጣው ምስል ሙሉ ነው?

አይደለም። አንድ የ4ኬ ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ይዞ፣ ቀለሙም እንደ ዲስኩ ተቀንሶ፣ ሳይታመቅ ቢቀመጥ በሰከንድ 3 ቢሊዮን ቢት ገደማ ይሆናል። ዲስኩ ድምፁንም ጨምሮ ሊያወጣ የሚችለው ቢበዛ 128 ሚሊዮን ነው። ስለዚህ በማመቅ ይቀነሳል፤ ከማመቁም በፊት ከቀለሙ ይቀነሳል።

ምስል የተሠራባቸው ነጥቦች ፒክስል ይባላሉ። ዲስኩ ላይ የብርሃን መጠን ለእያንዳንዱ ፒክስል ይመዘገባል፤ ቀለም የሚመዘገበው ግን ለአራት ፒክስል አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ዓይናችን የብርሃንን ልዩነት ከቀለም ልዩነት ይልቅ አጥርቶ ስለሚያይ ጉድለቱ ብዙ አይታወቅም። በዚህ ምክንያት 3840 በ2160 ፒክስል ባለው ፊልም ውስጥ ቀለሙ ያለው 1920 በ1080 ሆኖ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ማጫወቻውን ከቴሌቪዥኑ የሚያገናኘው ኤችዲኤምአይ በሰከንድ 24 ምስል ላለው ፊልም ይህንን የተቀነሰ ቀለም እንዳለ አያስተላልፍም፤ ማጫወቻው ቢያንስ ለሁለት ፒክስል አንድ ቀለም እስኪደርስ ድረስ መሃሉን በስሌት መሙላት አለበት። «ምንም ሳይነካ ያሳልፋል» የሚባለው ሶርስ ዳይሬክት የሚሉት አማራጭ እንኳ ከዚህ ሥራ አያመልጥም። ሙላቱ በደንብ ካልተሠራ የደማቅ ነገሮች ጠርዝ ይበላሻል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ብዙ የዲቪዲ ማጫወቻዎች ይህ ችግር ነበረባቸው፤ ቀይ ጽሑፍ ወይም ቀይ ልብስ ጠርዙ ላይ አግድም ሽንትርትር ያለ መስመር ያወጣ ነበር። ዛሬ በታወቁ ማጫወቻዎች ላይ ይህ ጉድለት እምብዛም አይታይም፤ የቀረው ልዩነት ከቅርብ ካልታየ የማይለይ ነው።

የድሮ ዲቪዲ በአዲስ ቴሌቪዥን ላይ ለምን ይበላሻል?

የጥሩ ማጫወቻ ሙያ በግልጽ የሚለየው እዚህ ነው። የዱሮ ቴሌቪዥን አንድን ምስል ባንድ ጊዜ አያሳይም ነበር። መጀመሪያ 1ኛውን፣ 3ኛውን፣ 5ኛውን መስመር፣ ቀጥሎ 2ኛውን፣ 4ኛውን፣ 6ኛውን ያሳያል። እያንዳንዱ ግማሽ ምስል ፊልድ ይባላል። ኢትዮጵያ በተቀበለችው ፓል በሚባለው ሥርዓት በሰከንድ 50 ፊልድ አለ፤ አሜሪካ በነበረው ኤንቲኤስሲ 60 ገደማ። የዛሬ ቴሌቪዥን ሁሉንም መስመር ባንድ ጊዜ ስለሚያሳይ፣ ሁለቱን ግማሾች አጋጥሞ ሙሉ ምስል የሚያደርግ ሥራ ያስፈልጋል። በሙያው ዲኢንተርሌሲንግ ይሉታል።

ችግሩ ሁለቱ ግማሾች በተለያየ ቅጽበት የተነሡ ሊሆኑ መቻላቸው ነው። በቪዲዮ ካሜራ የተቀረጸ የሠርግ ዲቪዲ ይውሰዱ። ሙሽሮቹ ቆመው ፎቶ ሲነሡ ሁለቱን ፊልዶች ዝም ብሎ ማጋጠም ከሁሉ የተሻለ ውጤት ይሰጣል፤ የነጠላው ጥለት እስከ ቀጭኑ መስመር ድረስ ጥርት ብሎ ይታያል። እስክስታው ሲጀመር ግን ሁለተኛው ፊልድ ከመጀመሪያው በሰከንድ አንድ ሃምሳኛ ዘግይቶ የተነሣ ነው፤ በዚያች ጊዜ ትከሻው ቦታውን ለቋል። እንዳለ ከተጋጠመ የትከሻው ጠርዝ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሰነጣጠቃል። ይህንን ለመሸሽ አንዱን ፊልድ ብቻ ወስዶ የጎደለውን መስመር በግምት መሙላት ይቻላል፤ ያኔ ደግሞ ማበጠሪያው ይጠፋና ጥለቱ መንቀጥቀጥ፣ ሰያፍ መስመሮችም ደረጃ ደረጃ መሆን ይጀምራሉ።

ርካሹ መሣሪያ ከሁለቱ አንዱን መርጦ ለሙሉው ምስል ይጠቀማል። ጥሩው እያንዳንዱን ፒክስል ለብቻው ይመረምራል፤ የቆመውን ያጋጥማል፣ የሚንቀሳቀሰውን ይገምታል፣ ሰያፍ ጠርዝ ሲያገኝ ደግሞ ግምቱን በሰያፉ አቅጣጫ ያደርጋል። በአንድ ምስል ውስጥ የሙሽራዋ ጥለት ጥርት ብሎ፣ ከኋላዋ የሚጨፍረውም ሳይሰነጣጠቅ ካዩ ይህ ሥራ በትክክል ተሠርቷል ማለት ነው።

ለሲኒማ የተሠራ ፊልም ሌላ መላ ይፈልጋል፤ በሰከንድ 24 ምስል ስለሆነ ሁለቱ ግማሾች የመጡት ከአንድ ቅጽበት ነው፣ በትክክል ከተገኙ ያለ ግምት ይጋጠማሉ። በኤንቲኤስሲ ዲቪዲ ላይ 24ቱን ወደ 60 ለማድረስ አንዱ ምስል 2 ፊልድ፣ ቀጣዩ 3 ፊልድ እየሆነ ይደገማል፤ ማጫወቻው ይህን የድግግሞሽ ዑደት አውቆ ትርፉን መጣል አለበት። በፓል ግን ፊልሙ በሰከንድ 25 እንዲሆን ይፋጠናል፤ 100 ደቂቃ የነበረው በ96 ደቂቃ ያልቃል፣ ካልታረመ ድምፁም ትንሽ ይቀጥናል። በፓል የሚደገም ፊልድ ስለሌለ መሣሪያው የሚይዘው ምልክት ያንሰዋል፤ በኤንቲኤስሲ ጎበዝ የሆነ ቺፕ በፓል ሲሳሳት የሚታየው በዚህ የተነሣ ነው። ማጫወቻ ሲፈተን ሁለቱንም ዓይነት ዲስክ ማስገባት ተገቢ ነው።

ከዚያ ማሳደግ ይመጣል። የፓል ዲቪዲ 720 በ576፣ ማለትም 414,720 ፒክስል አለው፤ የ4ኬ ቴሌቪዥን 8,294,400። ከሚያዩት 20 ነጥብ 19ኙ በስሌት የተፈጠሩ ናቸው ማለት ነው። ይህን ስሌት ማጫወቻውም ቴሌቪዥኑም ይችሉታል፤ የተሻለው አንዱ ይሥራው። አፈታተኑ ቀላል ነው፦ አንዱን ዲቪዲ መጀመሪያ ማጫወቻው ወደ 4ኬ አሳድጎት፣ ቀጥሎ ሶርስ ዳይሬክት ላይ አድርገው ቴሌቪዥኑ እንዲያሳድገው አድርገው ይዩ። ጥለት፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የአጥር ሽቦ ያለበት ትዕይንት ይምረጡ። በቅርብ ዓመታት የተሠሩ ጥሩ ቴሌቪዥኖች በማሳደጉ ብዙ ጊዜ አያንሱም፤ ፊልዶቹን በማጋጠሙ ግን ጥሩ ማጫወቻ ሊበልጣቸው ይችላል። የቴሌቪዥኑን ማለስለሻና ማሾያ አማራጮች ሳያጠፉ ማወዳደር ግን ዋጋ የለውም።

ኤችዲአር ላይ ማጫወቻው ምን ያግዛል?

ኤችዲአር ከወትሮው የሰፋ የብርሃንና የጨለማ ልዩነት የያዘ ምስል ነው። የብርሃን መጠን በኒት ይለካል። ኤችዲአር10 የሚባለው ዓይነት እስከ 10,000 ኒት የሚደርስ ብርሃን መግለጽ ይችላል፤ ፊልሞች በአብዛኛው የሚዘጋጁት 1,000 ወይም 4,000 ኒት በሚያወጣ መቆጣጠሪያ ስክሪን ላይ ነው። ቤት ያለው ቴሌቪዥን 600 ቢያወጣ፣ ከዚያ በላይ የተመዘገበው የሚጨመቅበት መንገድ መገኘት አለበት። ይህ ቶን ማፒንግ ይባላል።

በግዴለሽነት ከተሠራ ከ600 በላይ ያለው ሁሉ እኩል ነጭ ይሆናል፤ ደመናው ቅርጹን፣ የእሳቱ ነበልባል መሃሉን ያጣል። ከልክ በላይ ከተጨመቀ ደግሞ ምስሉ በሙሉ ይጨልማል፤ «ኤችዲአር ጨለማ ነው» የሚለው ስሞታ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው። ዲስኩ ላይ ስለ ፊልሙ ከፍተኛ ብርሃን የሚናገር መረጃ ቢኖርም፣ አንዳንዱ ዲስክ ላይ ባዶ ነው፤ ቴሌቪዥኑ በግምት ይሄዳል።

የፓናሶኒክ ዩቢ820 እና ዩቢ9000 ለዚህ ኤችዲአር ኦፕቲማይዘር የሚባል ክፍል አላቸው። በማስተካከያው ውስጥ የቴሌቪዥኑን ዓይነት፣ ኦሌድ መሆኑን፣ የኤልሲዲውን የብርሃን ደረጃ ወይም ፕሮጀክተር መሆኑን ይመርጣሉ፤ ማጫወቻው ያንን መሠረት አድርጎ ብርሃኑን ቀድሞ ይጨምቅና ለቴሌቪዥኑ የሚችለውን ብቻ ይልክለታል። በተለይ ብርሃኑ ትንሽ ለሆነ ፕሮጀክተር ለውጡ በዓይን የሚታይ ነው። ይህን ሲያበሩ የቴሌቪዥኑን የራሱን ዳይናሚክ ቶን ማፒንግ ያጥፉት፤ ሁለቱ አብረው ከሠሩ ብርሃኑ ከትዕይንት ትዕይንት ከፍ ዝቅ ይላል። ዶልቢ ቪዥን የሚባለው ሌላው የኤችዲአር ዓይነት ለየትዕይንቱ የራሱን መመሪያ ይዞ ስለሚመጣ ኦፕቲማይዘሩ አይነካውም።

ለድምፅ የከፈልኩት የት ገባ?

ዲስኩ ላይ ያለው ድምፅ ቁጥር ነው። በሲዲ ላይ በሰከንድ 44,100 ልኬት፣ እያንዳንዱ በ16 ቢት። ይህን ቁጥር ወደ ኤሌክትሪክ ሞገድ የሚለውጠው ቺፕ ዳክ ይባላል። ጥራቱን የሚወስነው ቺፑ ብቻ አይደለም፤ የልኬቱን ሰዓት የሚጠብቀው ክፍል፣ ከኃይል መስጫው የሚመጣው ጫጫታ፣ ከዳኩ በኋላ ሞገዱ የሚያልፍበት የአናሎግ ሰርኪትም ይወስናሉ። ቁጥሩ ትክክል ሆኖ የሚወጣበት ቅጽበት ከተዛነፈ ሞገዱ ይጣመማል፤ ጂተር የሚሉት ይህንን ነው።

የኦፖ ሁለቱን ሞዴሎች ማየት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ዩዲፒ-203 በአሜሪካ 549 ዶላር፣ ዩዲፒ-205 1,299 ዶላር ይሸጡ ነበር። የምስል ማቀናበሪያቸው አንድ ዓይነት ነው። 205 ግን ሁለት ኢኤስ9038ፕሮ ዳክ አለው፤ አንዱ ለሁለት ቻናል ሙዚቃ፣ ሌላው ለ7.1 (ሰባት ስፒከርና አንድ የባስ ስፒከር) የሲኒማ ድምፅ። ትልቅ ክብ ትራንስፎርመርም አለው፣ ክብደቱም ከእጥፍ በላይ ነው። የ750 ዶላሩ ልዩነት ከሞላ ጎደል በአናሎግ ድምፅ ላይ ገብቷል።

ስለዚህ 205ን ገዝቶ በኤችዲኤምአይ ብቻ ከአምፕሊፋየር ጋር ያገናኘ ሰው በዚያ ገንዘብ አልተጠቀመም። በኤችዲኤምአይ የሚያልፈው ቁጥሩ ነው፤ ወደ ሞገድ የሚለውጠው የአምፕሊፋየሩ ዳክ ነው፣ የማጫወቻው ዳክ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። በማጫወቻው ዳክ ለመጠቀም ከጀርባው ባሉት ቀይና ነጭ አርሲኤ ወይም ባለ ሦስት እግር ኤክስኤልአር መውጫዎች ማገናኘት ያስፈልጋል። ኤክስኤልአር አብዛኛውን ጊዜ የአርሲኤን እጥፍ ቮልት፣ 4 ለ2፣ ስለሚያወጣ ሁለቱን ሲያወዳድሩ ድምፁን እኩል ያድርጉ፤ ከፍ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ መስሎ ይሰማል።

በአናሎግ ሲገናኝ የስፒከር ማስተካከያው በማጫወቻው ውስጥ ይሞላል። የእያንዳንዱ ስፒከር ርቀት በትክክል መለካት አለበት፤ 34 ሴንቲሜትር ስህተት ድምፁን በሰከንድ አንድ ሺህኛ ያዛንፈዋል። ሳብውፈር (ባስ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር) ካለ ትንንሾቹን ስፒከሮች «ስሞል» ብለው መቁረጫውን፣ ማለትም ባሱ ወደ ሳብውፈሩ የሚሄድበትን ወሰን፣ ከ80 ኸርዝ መጀመር ጥሩ ነው። አምፕሊፋየሩም ይህንኑ እየሠራ ከሆነ ባሱ ሁለት ጊዜ ተቆርጦ ድምፁ ይሳሳል።

ቢትስትሪም ወይስ ፒሲኤም?

ፒሲኤም ማለት ማጫወቻው የታመቀውን ድምፅ ፈትቶ ሲልክ ነው፤ ቢትስትሪም እንደታመቀ ለአምፕሊፋየሩ ሲልክ። በብሉሬይ ላይ ድምፅ የሚታመቅባቸው ዶልቢ ትሩኤችዲና ዲቲኤስ-ኤችዲ ማስተር ኦዲዮ ሲፈቱ ምንም የማይጎድልባቸው ስለሆኑ ማንም ቢፈታቸው ቁጥሩ አንድ ነው። ከላይም ጭምር ድምፅ የሚያሰማው ዶልቢ አትሞስ ግን የድምፁን አቅጣጫ የሚናገረው መረጃ የሚደርሰው በቢትስትሪም ብቻ ነው።

ቢትስትሪም መርጠው አምፕሊፋየሩ «ዶልቢ ዲጂታል» ብቻ የሚል ከሆነ፣ ሰከንደሪ ኦዲዮ የሚለውን አማራጭ ይፈልጉና ያጥፉት። እሱ ሲበራ ማጫወቻው የማውጫውን ድምፅና የአስተያየት ድምፅ ከፊልሙ ጋር ስለሚቀላቅል ዋናውን እንዳለ መላክ አይችልም። ሌላው ወጥመድ ማጫወቻውን ከቴሌቪዥን፣ ቴሌቪዥኑን በኤአርሲ (ድምፅን ከቴሌቪዥኑ በኤችዲኤምአይ መልሶ በሚያወጣው መስመር) ከሳውንድባር ማገናኘት ነው፤ ትሩኤችዲ በዚያ መንገድ አያልፍም፣ ኢኤአርሲ የሚባለው አዲሱ ያስፈልጋል። በክብ ኮአክሲያል ወይም በኦፕቲካል ገመድም አያልፍም።

ምስሉ ነጭ ነጥብ የሚረጭ ወይም ለአፍታ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ገመዱ ነው። ለ4ኬ ማጫወቻ በሰከንድ 18 ጊጋቢት የሚችል፣ ፕሪሚየም ሃይ ስፒድ ተብሎ የተመሰከረለት ኤችዲኤምአይ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የተከፈለ ገንዘብ ምስሉን አያሻሽልም። የቴሌቪዥኑ ወደብም በማስተካከያው «ኢንሃንስድ» መደረጉን ያረጋግጡ፤ አለዚያ ኤችዲአር አይወጣም።

ከውጭ አገር ሲመጣስ?

ከአሜሪካ የሚላክ ማጫወቻ ለዲቪዲ ክልል 1፣ ለብሉሬይ ክልል ኤ ነው። የኢትዮጵያ 5 እና ቢ ናቸው፤ የእስራኤልና የባሕረ ሰላጤው አገሮች 2 እና ቢ። የክልል ገደብ ያለበት ዲስክ በሌላ ክልል ማጫወቻ አይከፈትም። የ4ኬ ብሉሬይ ዲስክ ግን የክልል ገደብ ስለሌለው የትም ይሠራል። የሠርግና መሰል ዲስኮችም ብዙ ጊዜ ገደብ አይኖርባቸውም፤ ነገር ግን ፓል ከሆኑ፣ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ አንዳንድ ማጫወቻዎች በሰከንድ 50 ፊልድ ያለውን ዲስክ አይቀበሉም፤ ከመግዛት በፊት በመመሪያው ላይ ፓል የሚል ቃል መኖሩን ይፈትሹ።

ኃይሉም መታየት አለበት። በጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ከተባለ መሰኪያ መቀየሪያ ብቻ ይበቃዋል። 120 ቮልት ብቻ ከተጻፈ በ220 መሰካት የኃይል ክፍሉን ያቃጥላል፤ ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፣ አቅሙም ማጫወቻው ላይ ከተጻፈው ዋት ቢያንስ እጥፍ ቢሆን ይመረጣል።